የቋሊማዋ ሴትዮ

ቨርና ሲልቬራ ሰው የምትወድ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ላማት ብዬ ሳይሆን አብሬያት ስለሠራሁ ነው። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ሁለታችንም አራሚዎች ነበርን፤ ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ናቸው። የደራሲ ስሕተት ስታገኝ ፊቷ ይፈካል፤ የሠራተኛ ልደት ሲከበር ግን ኬኩ ተቆርሶ እስኪያልቅ ሽንት ቤት ትደበቃለች።

«ሎይስ፣ የሰው ድምፅ ያደክመኛል» አለችኝ አንድ ቀን። «የጻፈውን ግን እችለዋለሁ።»

በኋላ፣ በኮምፒውተር ከሚገናኙት ሰዎች መካከል እንደሷ የተወደደ አልነበረም። እንደሷ የተጠላም አልነበረም።

ኢንተርኔት የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ገና ያልሰማበት ዘመን ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው ከስልኩ ጋር የሚያያይዛት ትንሽ ሣጥን ትኖረዋለች፤ ሣጥኗ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ጮኻ ጮኻ ዝም ስትል ሰውየው «ድልድዩ» ገባ ማለት ነው። ድልድዩ በጽሑፍ የምንጫወትበት ቤታችን ነበር። ማሽኑ አላሜዳ ውስጥ፣ ከአንድ የጀልባ ሸራ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጧል። እኛ ደግሞ ከበርክሌይ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ከሳክራሜንቶ እየደወልን ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ አትክልት፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ትዳር እንጽፋለን፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል፣ ይመልሳል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል።

ያቋቋመው ዌንዴል ሃስኬት ነው። በወጣትነቱ ሜንዶሲኖ ተራራ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዱባ እያመረተ፣ ንብረት የጋራ ነው እያለ የኖረ፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። «እዚህ ጎረቤት እንጂ ደንበኛ የለም» ይል ነበር ሁልጊዜ። የምንከፍለው በሰዓት ነበር፤ ግን እሱ ሲናገር ይህን ማንም አያስታውሰውም።

ቨርናን ድልድዩ ላይ ያመጣት የወንድሟ ሕመም ነው። ታናሽ ወንድሟ ሊዮኔል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የኦፔራ ተዋንያንን ልብስ ይሰፋ ነበር። ያ ወጣት ወንዶችን እንደ ቅጠል ያረግፍ የነበረው በሽታ እሱንም ያዘው። ሳን ሊያንድሮ የሚኖሩት ፖርቱጋላውያን ዘመዶቻቸው የበሽታውን ስም አይጠሩም፤ እናታቸው እንኳ ለቄሱ የነገሩት ካንሰር ነው ብለው ነው። የአጎት ልጆች ምግብ ይዘው ይመጡና ደጃፉ ላይ አስቀምጠው፣ ደወሉን ደውለው፣ በሩ ሳይከፈት መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። ቨርና ወንድሟን ወደ ራሷ አፓርትማ አመጣችው፤ ሥራዋንም ወደ ግማሽ ቀን ቀነሰች። ከሰዓት በኋላ እሱ ሲተኛ ከኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች።

መጀመሪያ የጻፈችው እንዲህ የሚል ነበር፤ «ወንድሜ እየሞተ ነው። አፉ ውስጥ የወጣውን ነጭ ነገር ሳላሳምመው በምን እንደማጥብለት የሚያውቅ ሰው አለ?»

አንዲት ነርስ ከሳክራሜንቶ ወዲያው መለሰችላት። ልጁን በዚያው በሽታ የቀበረ አንድ የሎዳይ ገበሬም መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ጻፈች። አዛኝ አትፈልግም፣ ራሷን አታሳምርም፤ አንሶላ መቀየሩን፣ የሐኪሙን ትዕቢት፣ የሊዮኔልን ተረብ፣ ሁሉን እንዳለ ታስቀምጠዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሰዎች ከየቢሯቸው የቨርናን ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ ይደውሉ ነበር። የድልድዩ ሰው በአካል ሲገናኝ «ዛሬ ሊዮኔል እንዴት ዋለ?» ይባባላል፤ አንዳቸውም አይተውት አያውቁም።

ከሁሉ የታወቀው የቋሊማው ታሪክ ነው። ሊዮኔል መዋጥ ካቆመ ሰንብቷል። አንድ ቀን የልጅነታቸውን ቋሊማ፣ ያን ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የበዛበትን የፖርቱጋሎች ቋሊማ አማረው። ቨርና ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ አልጋው አጠገብ አድርጋ ጠበሰችለት፣ እንዲያሸተው። ጢሱ ክፍሉን ሞላው፤ ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት በሩን ደበደበ። ሊዮኔል ዓይኑን ገልጦ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቨርናም የተናገረውን ቃል በቃል ጻፈችው። ያን ቀን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሳነበው እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ጎኔ የነበረው ሰው ምን ሆንሽ ብሎኝ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሊዮኔል በዚያው ሰሞን ሞተ። የድልድዩ ሰው ለቅሶ ደረሰ፣ በጽሑፍ። ማጽናኛው ገጽ በገጽ እየተደራረበ ሳምንት ሙሉ አላባራም። ቤተ ክርስቲያን የመጣነው ግን እኔና ኖላ ብሪክማን ብቻ ነበርን። ኖላ ዋልነት ክሪክ የምትኖር፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ናት። ቨርና ወንድሟን እያስታመመች እንኳ ኖላን በግል መልእክት ታጽናናት ነበር፤ «ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሺና ተመልሰሽ ጻፊልኝ» ትላታለች። ያን ቀን ኖላ በመሐረብ የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጥታ የቨርናን እጅ አልለቅ ብላ ነበር።

ከዓመት በኋላ በሜሪት ሐይቅ ዳር የድልድዩ ሰዎች ሽርሽር ሆነ። ሁላችንም ምግብ ይዘን ሣር ላይ ተቀምጠናል። በኮምፒውተር ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች ደረታቸው ላይ የለጠፉትን ስም እያነበቡ ይተቃቀፋሉ። የበፍታ ኮት የለበሰ፣ ከእኛ ወገን የማይመስል ሰውዬ አንድ ቆንጆ ተደርጎ የታተመ ወረቀት በእጁ ይዞ ወደ ቨርና መጣ። ስሟን አነበበና ፊቱ በራ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ? የቋሊማዋ ሴትዮ?»

ቨርና በእጁ ያለውን ወረቀት አየች።

«ባለቤቴ አንብባው ስታለቅስ ነው ያደረችው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ገንዘቤን እዚህ ላይ ላውል የቆረጥኩት እሱን ካነበብኩ በኋላ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍበት ቦታ ከሆነ ሰው አይለቅም፣ ይከፍላል አልኩ።»

«የት አነበቡት?»

«ይኸው» ብሎ ወረቀቱን ሰጣት።

ገዢ ለሚፈልግ ድርጅት የሚዘጋጅ መግለጫ ነበር። ሽፋኑ ላይ የኦክላንድ ድልድይ ሥዕል አለ፤ ከውስጥ ስለ አባላት ብዛት፣ ስለ ወደፊቱ ተስፋ ይተርካል፤ መሐል ገጹ ላይ በሚያምር ፊደል የሊዮኔል ቋሊማ ተቀምጧል። የቨርና ስም ከሥሩ አለ። ቨርና ቆማ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አነበበች፣ እንደ ልማዷ በጣቷ እየተከተለች። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ለእኔ ሰጠችኝና ወደ ዌንዴል ሄደች። ዌንዴል ለልጆች ሐብሐብ እየቆረሰ ነበር።

«ዌንዴል፣ ወንድሜን ሸጥከው?»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ቨርና፣ ወዳጄ፣ እንደሱ አትበይው።»

«እንዴት ልበለው?»

«ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ መግዣ ከሌለን ይህ ሁሉ ሰው ይበተናል። ለነዚህ ሰዎች ማን እንደሆንን ማሳየት ነበረብኝ። ካንቺ ጽሑፍ የተሻለ የሚያሳየን ምን አለ?»

«ልትጠይቀኝ አትችልም ነበር?»

«ለሁላችንም ሰጥተሽናል እኮ። የኔም ሐዘን ነበር። እኔም አልቅሻለሁ።»

«አልቅሰሃል፤ አልካድኩም» አለች ቨርና። «እንባህን ጠርገህ ደግሞ ዋጋ አወጣህለት።»

ዌንዴል ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር። ምናልባትም አዝኖ ነበር። ሐብሐቡን አንሥቶ «ብዪ እስቲ» አላት። እሷ ግን ቦርሳዋን ይዛ ሐይቁን እየዞረች በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

በሳምንቱ ያን ጽሑፍ ጻፈች። ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምሩት እሱን ነው። ርእሱ «ዕቃው እኛ ነን» የሚል ነበር፤ ድልድዩ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ለጠፈችው። በጨዋ ደንብ የተጻፈ አልነበረም። «ጎረቤት ነን ተባልን» ይላል በአንዱ ቦታ፤ «ጎረቤት ግን የጎረቤቱን ለቅሶ ገበያ አያወጣም። እዚህ በሰዓት እየከፈልን እንባችንን እናመርታለን፣ ባለቤቱ ሰብስቦ ለሌላ ይሸጣል። ሠራተኛውም እኛ፣ ዕቃውም እኛ፣ ገዢውም እኛ።» ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ «እዚህ የሚወደደው ሰው አይደለም፤ በደንብ የተጻፈ ሐዘን ነው። መጻፍ የማይችል ሐዘንተኛ እዚህ ለቅሶ የሚደርሰው የለም። ወንድሜን የወደዳችሁት እኔ ሰዋስው ስለማውቅ ነው» ይላል።

ለመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ያደረገላት አልነበረም። ስለ ገንዘቡ የጻፈችውን ብዙዎች በልባቸው ያምኑበት ነበር፤ ፍቅራቸውን መንካቷ ነው ያሳበዳቸው። መልሱ በአንድ ከሰዓት ጎረፈ።

«በእኛ እንባ ታጥባ አሁን ውኃው ቆሸሸ ትላለች» አለ አንዱ።

«ማን አስገድዶሽ ጻፍሽ?» አለ ሌላው።

«ቋሊማው ለእኛም ሸቶናል፤ የሽታውን ክፈሉ ልትይን ነው እንዴ?» አለ ሦስተኛው፤ ይህ ብዙ ሰው አሳቀ።

ያ የሎዳይ ገበሬ ብቻ «እስቲ ተዉዋት፣ የሞተው የሷ ወንድም ነው» ብሎ ጻፈ። የሰማው አልነበረም።

ከዚያ ኖላ መጣች። ኖላ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ዛሬም በደንብ አይገባኝም፤ ከባሏ በኋላ ያላት ዓለም ድልድዩ ብቻ ስለነበር ቨርና ቤቷን ልታፈርስባት የመጣች ሳይመስላት አልቀረም። እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «ቨርና ስለ እውነተኛ ፍቅር ልታስተምረን ከሆነ እኔም አንድ እውነት ልናገር። ለእናንተ ያን ሁሉ ውብ ነገር በምትጽፍበት ሰሞን ለእኔ በግል የጻፈችልኝ ሌላ ነበር። ‹ዛሬ ቢሞትልኝ እተኛ ነበር› ነው ያለችኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን መልእክት ቨርና የጻፈችው ኖላ «እኔ ክፉ እናት ነኝ፣ ልጆቼን ጥዬ መጥፋት አምሮኛል» ብላ ስታለቅስላት፣ ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ነበር። ይህን ኖላ አልጻፈችም።

በማግስቱ ጧት ቨርና ቢሮ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር።

«አየሽው?» አልኳት።

«አየሁት።»

«ምን ልትዪ ነው?»

«ብያለሁ እኮ። የሆነውን ነው ያልኩት።»

ምሳ ሰዓት ላይ ድልድዩን ከፍቼ መልሷን አነበብኩት። «ጽፌዋለሁ። እውነት ነው። ደክሞኝ ነበር።» ድልድዩ ላይ የጻፈችው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ከሥሩ ሰዎች አሁንም ይሳደቡ ነበር፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «በመጨረሻ እውነቱን ተናገርሽ፣ እንወድሻለን» ብለው ነበር። እሱ ከስድቡ ይብስ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ቤቷ ስሄድ ኮምፒውተሩ ፊት አገኘኋት። በዚያን ጊዜ ማንም የራሱን ጽሑፍ ማጥፋት ይችል ነበር፤ ግን አንድ በአንድ ነው። ቨርና ከመጀመሪያው ጀምራ ስታጠፋ ነበር። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የሷ ጽሑፍ ሲጠፋ የሌላው መልስ እንዳለ ይቀራል። ገጹን አየሁት፤ «አይዞሽ»፣ «ጎንሽ ነን»፣ «ዛሬ ጥሩ ቀን ስለነበረ ደስ አለን» ይላል፣ በላዩ ግን ባዶ ነው። የሚጽናና የሌለበት ማጽናናት።

«አንዱን እንኳ አታስቀሪም?» አልኳት።

«የቱን?»

«እንጃ። የቋሊማውን።»

«እሱን ሸጠውታል» አለችና አጠፋችው።

ወረቀት ላይ አላወጣችውም፤ እኔም አላሰብኩትም። የምናጠፋው ነገር ሌላ ቦታ የሌለ መሆኑ ለሁለታችንም አልታየንም። ንዴት ላይ ነበረች፤ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚባለው ለዚህ ነው፣ የምታጭደው የራሷን ነበር።

ሰኞ ጽሑፎቿ ሁሉ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ዌንዴል ማሽኑ ለመጠባበቂያ ሁሉን ከሚቀዳበት ቴፕ መልሷቸዋል። ቨርና ከቢሮ ደወለችለት፤ ስልኩ ጮክ የሚል ስለነበር ሁለቱንም እሰማለሁ።

«መልሰህ አጥፋው» አለችው።

«አልችልም ቨርና። ገዢዎቹ መዝገቡ ሳይነካ እንዲቆይ ነው የተዋዋሉት። ደግሞስ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩ ታሪክ ነው። ሰው እየደወለ ያለቅሳል፣ ሊዮኔልን ደግማ ገደለችብን እያለ።»

«ሊዮኔልን?»

«አዎ።»

«ዌንዴል፣ የቀብሩ ዕለት የት ነበርክ?»

«ያን ዕለት ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር» አላት።

ቨርና ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ እርማት ሥራዋ ተመለሰች። ጠበቃም አማከረች፤ ጠበቃው ስትመዘገቢ የፈረምሽበት ነገር ለነሱ መብት ይሰጣል አላት። በዚያው ተወችው። ሣጥኗን ከስልኩ ነቅላ ጣለቻት።

ድልድዩ ተሸጠ። ዌንዴል ቦሊናስ ላይ ባሕር የሚያይ ቤት ገዛ። አዲሶቹ ባለቤቶች ከሩቅ ሆነው ሲያስተዳድሩት ቆዩና፣ ሰው ወደ ሌላ ሌላው ሲሄድ፣ አንድ ጧት ዘጉት። ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ደወልን፣ የሚያነሣ የለም። የሁላችንም ዓመታት፣ ጠቡም ፍቅሩም፣ በአንድ ጧት ጠፋ። ለቨርና ስነግራት «እሰይ» አለች።

ከዚያ ግን አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳንድዊቿን አስቀምጣ፣ «ሎይስ» አለችኝ፤ «ሊዮኔል ቋሊማውን ሲያሸት ምን ነበር ያለው?»

አሰብኩ። መሳቄን አስታውሳለሁ፤ ቃሉ አልመጣልኝም። «አንቺ ነሽ እኮ የጻፍሽው» አልኳት።

«ስለጻፍኩት ነው የረሳሁት» አለች። «ተቀምጧል ብዬ ከራሴ አወጣሁት።»

ቤት ሄጄ ያን የሽርሽሩን ወረቀት ፈልጌ አገኘሁት፣ አልጣልኩትም ነበር። በማግስቱ አመጣሁላት። ጣቷን በመስመሩ እያስኬደች አነበበች፤ ምድጃው አለ፣ ጢሱ አለ፣ በር የሚደበድበው ጎረቤት አለ። መጨረሻው ላይ «ሊዮኔልም ዓይኖቹን ገልጦ ፈገግ አለ» ይላል።

«ፈገግ አላለም» አለች ቨርና። «ተሳደበ። እኛ ቤት የሚሰደብ ስድብ አለ፣ ግማሹ ፖርቱጋልኛ የሆነ፤ እሱ ደግሞ የራሱን ጨመረበት። ለባለ ገንዘብ አይሆንም ብለው ቆርጠውታል።»

ለኖላ ደወልኩላት። ድምፄን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች፤ ለቨርና ንገሪልኝ፣ ይቅር ትበለኝ አለች። ስለ ስድቡ ስጠይቃት አንድም ቃል አታስታውስም። ልቅሶዋን ለቨርና አደረስኩላት፤ ቨርናም «ልጆቿ አደጉ?» ብላ ጠየቀችኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

«ዕቃው እኛ ነን» ግን አልጠፋም። ከመዘጋቱ በፊት ሰዎች እየገለበጡ ወደ ሌላ ቦታ ወስደውት ስለነበር በዓለም ዞረ። በኋላ ዓለሙ ሁሉ በስልኩ ሐዘኑን መለጠፍ ሲጀምር ነቢይት ናት አሏት። ከኮሌጅ ይጽፉላታል፣ ኑና አስተምሩን ይሏታል። አትመልስም። አንድ ፕሮፌሰር ቤቷ ድረስ መጥቶ «ያኔ ይህን ሁሉ እንዴት አዩት?» ቢላት፣ «አላየሁትም፣ ደረሰብኝ» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ዌንዴል የመጣው ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው። እሁድ ከሰዓት እኔ እሷ ዘንድ ነበርኩ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ስለ ድልድዩ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር፤ መግቢያውን ቨርና እንድትጽፍለት ፈለገ።

«የሚገርም ይሆናል» አለ። «በጣም የተቸሽን አንቺ ነሽ፤ አንቺ መግቢያ ከጻፍሽ ታረቅን ማለት ነው። ሰው ደግሞ ያነበዋል።»

ቨርና ሻይ ቀድታለት ነበር። ጽዋውን ወደሱ ገፋ አደረገችና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ያን ወረቀት ስታዘጋጅ የሊዮኔልን ቃል የቆረጠው ማነው?»

ፊቱ ቀላ። «እኔ ነኝ። ጸያፍ ነበር እኮ ቨርና፣ ለነዚያ ሰዎች ማሳየት አይቻልም ነበር።»

«አስታወስከው ማለት ነው።»

«ጸያፍ እንደነበረ አስታውሳለሁ።»

«ምን ነበር ያለው?»

ዌንዴል አሰበ። በእውነት አሰበ፤ ግንባሩን በእጁ ይዞ ረጅም ጊዜ ቆየ። ቨርና ከዓይኑ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። እንዲያ አድርጋ ሰው ስታይ አይቻት አላውቅም፤ የምትለምን ትመስል ነበር።

«አልመጣልኝም» አለ በመጨረሻ። «ግን በጣም ልብ የሚነካ ነበር።»

ቨርና ተነሥታ ኮቱን ከመስቀያው አወረደችና አቀበለችው። እሱም አንድ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠርቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው ይሰማን ነበር። መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ፤ መግቢያውን ሌላ ሰው ጽፎለታል፣ አንድ ምዕራፍ ደግሞ ስለ ቨርና ነው። ገዝቼ አነበብኩት። ስሕተቱ ብዙ ነው፤ የሊዮኔልን ስም እንኳ በአንድ ገጽ ሊዮናርድ ብሎታል። ለቨርና አላሳየኋትም፤ እሷም ወጥቷል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።